«መኪና» ብዬ የጻፍኩት ተራራ

ጥር 6

ዛሬም ያው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጄኔሬተሩን አስነሳሁ፣ ከበሮውን አዲስ ወረቀት አለበስኩት፣ መርፌውን አስተካከልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ። ከበሮው ቀስ ብሎ ይዞራል፣ መርፌው መስመር ያሰምራል፣ መሬት ስትነቃነቅ መስመሩ ይዘላል፣ እኔ ደግሞ ከዝላዩ አጠገብ ምክንያቱን በእርሳስ እጽፋለሁ። «ሥራሽ ምንድን ነው?» ለሚለኝ ሁሉ፣ ተራራ ጠባቂ ነኝ እላለሁ። ተራራውም እንደኔ ጡረታው የደረሰ ይመስላል።

ዛሬ ሰባት ዝላይ። ሁሉም በሥራ ሰዓት። ሰባቱም ላይ «መኪና» ብዬ ጻፍኩ። ከጣቢያው ግንብ ጀርባ ወደ ድንጋይ ካባው የሚወስደው መንገድ አለ፤ ድንጋይ የጫነ ገልባጭ ባለፈ ቁጥር መርፌው ይደነግጣል። መኪኖቹን አላያቸውም፣ ግንቡ ይከልላል። አልሰማቸውም፣ ጄኔሬተሩ ግቢውን ያደነቁረዋል። ግን ከእኔ በፊት የነበሩት ተመልካች፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሥራ ሲያስረክቡኝ «በሥራ ሰዓት የዘለለ አጭር መስመር መኪና ነው፤ ራስሽን አታድክሚ» ብለውኛል። አላደከምኩም።

ተራራው ላይ የተተከለው ላይኛው መሣሪያ ቢሠራ ሁለቱን አስተያይቼ እለይ ነበር። መኪና ከሆነ የታችኛው ብቻ ይዘላል፣ ተራራ ከሆነ ሁለቱም። የላይኛውን ባትሪና የፀሐይ ሰሌዳ የዛሬ አራት ዓመት፣ ከተማው ባዶ በሆነ ጊዜ፣ ሌባ ነቅሎ ወሰደው። ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። «በሂደት ላይ ነው።» ሂደቱም ይኸው አራት ዓመቱ።

ነዳጅ ከተቀነሰብን ወዲህ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁሉን አጥፍቼ እወጣለሁ። ማታ ማታ ተራራው ምን እንደሚሠራ እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ።

ስመለስ ዳቦ ገዛሁ። ባለዳቦ ቤቷ «እመት ጭስ፣ ዛሬስ ልብሴን ላስጣ ወይስ ልሰብስብ?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ካልሳቅኩ ምን ላደርግ?


ጥር 8

ነፋስ። አምስት ዝላይ። መኪና። ጉልበቴን አመመኝ።


ጥር 11

ዘጠኝ ዝላይ። ካባው ሰሞኑን ሥራ በዝቶበታል። ከግቢዬ ጓዳ ተከራይቶ የሚኖረው የገልባጭ ሹፌርም፣ ጥሩምባ የምንለው፣ ሁለት ቀን በሩ ተቆልፏል። እዚያው እያደረ ይሆናል። እፎይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የመንደሩን ውሻ ሁሉ በክላክስ ሲቀሰቅስ አልሰማም።

የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች መጡ። አርባ አንድ ልጅ፣ አንዲት መምህርት፣ አንዲት ጠባብ ክፍል። እየቆምኩ እየተቀመጥኩ አስረዳሁ። ከእግራችን ሥር በጣም ጠልቆ ሙቀት አለ፣ ድንጋይ የሚያቀልጥ። መሬት የተሠራችባቸው ትልልቅ ንጣፎች ሲለያዩ፣ ወይ አንዱ በሌላው ሥር ሲገባ፣ ድንጋዩ ይቀልጣል። የቀለጠው ከጠጣሩ ይቀላል፣ የቀለለ ነገር ደግሞ መንገዱ ወደ ላይ ነው። በውስጡ ጋዝ አለ። ነገሩ ሁሉ ጋዙ ላይ ነው።

ማሩን ነገርኳቸው። ልጆች ሆነን ወንድሜ ማር ሲያጣራ እያየሁ የገባኝ ነገር ነው፤ መጽሐፍ ላይ በኋላ ነው ያነበብኩት። የሞቀ ማር እንደ ውኃ ይወርዳል፣ አረፋው ቶሎ ይወጣል። ቅልጡ ድንጋይ እንዲህ ቀጭን ሲሆን ዝም ብሎ ይፈሳል፤ ቤትና እርሻ ይበላል፣ ሰው ግን በእግሩ ሄዶ ያመልጠዋል። የቀዘቀዘ ማር ወፍራም ነው፣ አረፋውን አፍኖ ይይዛል። እንዲህ ያለው ተራራ ጉሮሮው ይደፈናል፣ ጋዙ ይታመቃል፣ ይታመቃል... ከዚያ መፈንዳት ነው። አመዱ ሰማይ ይነካል። ሲመለስም እንደ ናዳ በተዳፋቱ ይወርዳል፣ የጋለ ጋዝና አመድ፣ ከመኪና የፈጠነ። ሦስተኛም አለ፤ ቅልጡ ሳይወጣ ሙቀቱ ውኃ ሲያገኝ በእንፋሎት ብቻ የሚፈነዳ። እሱ ሳያስጠነቅቅ ነው።

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ጥርሷ የወለቀ።

«የእኛ ተራራ የትኛው ማር ነው?»

«ወፍራሙ።»

መምህርቷ ክፉኛ አየችኝ። ልጅቷ አልተወችኝም።

«መቼ ነው የሚፈነዳው?»

«እሱን ለማወቅ ነው እዚህ የተቀመጥኩት።»

«ያውቃሉ?»

ደወል የለም እንጂ ቢኖር እደውል ነበር። ሰዓት ደርሷል ብዬ ሸኘኋቸው።


ጥር 12

«ያውቃሉ?» ያለችኝ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

የዛሬ አራት ዓመት አውቅ ነበር። አፌን ሞልቼ «እርግጠኛ ነኝ» አልኩ፣ ያውም በድምፅ ማጉያ። ከተማውም ላይኛው መንደርም ወጣ። አሥራ አንድ ቀን በድንኳን፣ በዝናብ። ቅልጡ ተነሳ፣ ተነሳ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ይቆማል አንዳንዴ፤ ጉልበቱ ያልቃል፣ እዚያው ይቀዘቅዛል። ግን ይህን ለማን ልንገር? ሰው ሲመለስ በሩ ተሰብሯል፣ ሱቁ ተዘርፏል። እመት ጭስ የሚለው ስም ያኔ ወጣልኝ።

ስሙስ ቀላሉ ነው። እትዬ፣ የወንድሜ ሚስት፣ ድንኳን ውስጥ ብርድ መታት። በዘጠነኛው ቀን አረፈች። ጋሼ፣ ወንድሜ፣ ከቀብሯ ሲመለስ አንዲት ነገር ብቻ ነው ያለኝ፦ «እርግጠኛ ነበርሽ።» ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አለን፣ ወሬ የለንም።

ዘጠኝ ዝላይ። መኪና።


ጥር 13

የሳምንቱ ዙር። ፍል ውኃው ጋ ወረድኩ፤ ሁልጊዜ አርባ አንድ ዲግሪ ነበር፣ ዛሬ አርባ ስድስት። ሁለቴ ለካሁት። ቴርሞሜትሩ አርጅቷል እንደኔው። ከዚያ ተራራው ጎን ላይ ያለው የመሬት ስንጥቅ ጋ ወጣሁ። በግራና በቀኝ የተከልናቸው ሁለት ብረቶች ርቀታቸው ስልሳ ሁለት ሴንቲ ነበር፤ ዛሬ ስልሳ አራት። ሜትሩ ጨርቅ ስለሆነ ተኮማትሮ ይሆናል።

ጋሼ ቤት ከስንጥቁ በላይ ነው፤ እዚያ ደርሼ ሳልጠይቀው አልወርድም። አሥራ ዘጠኝ ቀፎ፣ አንድ ሰው። ከበሩ ፊት ለፊት የመንደሩ መቃብር ይታያል፣ የእትዬ ድንጋይ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«ደህና።»

አለቀ። ውኃ አጠጣኝ። ለብ ያለ ነው፣ ብረት ብረት ይላል።

«ሞቋል» አልኩት።

«ጣሳው ፀሐይ ላይ ነበር» አለኝ።

ወረድኩ። እንዳለቅስ መንገድ ላይ ድንጋይ እየቆጠርኩ። አንድ ቀን ብቻ እንደ ድሮው «ነይ ቅመሺ» ብሎ የማር እንጀራ ቢሰጠኝ... ያረጀች ሴት ነኝ፣ የምመኘውን ተመልከቱልኝ።

አሥራ አንድ ዝላይ። መኪና።


ጥር 15

አሥራ አራት። አንዱ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ካባው ሳይከፈት። «ማልዶ የወጣ መኪና» ብዬ ጻፍኩ።


ጥር 16

ምን ብዬ ልጀምር?

ለምሳ ቤት ገባሁ። ጥሩምባ ግቢው ውስጥ ካልሲ ያጥባል።

«ዛሬ አልወጣህም?»

«የት ልወጣ ማዘር? የካባው ድንጋይ መፍጫ ተሰብሮ የለ እንዴ! ዕቃው ከውጭ አገር እስኪመጣ ተበተኑ አሉን። እናቴ ዘንድ ሰንብቼ ትናንት ነው የገባሁት።»

«መኪኖቹስ?»

«ቆመዋላ። አሥራ አራቱም ካባው በር ላይ ተደርድረዋል። ጎማቸው ሥር ሣር ሊበቅል ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥር ዘጠኝ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ምነው ማዘር? ተቀመጪ። ኧረ ተቀመጪ!»

አልተቀመጥኩም። ጉልበቴን ረስቼ ተመለስኩ፣ ግንቡን ዞርኩ። መንገዱ ላይ የጎማ አሻራ የለም። አቧራው ላይ የፍየል ኮቴ ብቻ።

ወረቀቶቹን አወጣሁ። ከጥር ዘጠኝ እስከ ዛሬ እኩለ ቀን። ስድስት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት፣ ዛሬ ሰባት። ሰባ ስድስት። ሰባ ስድስት ጊዜ በራሴ እጅ፣ በጥሩ ጽሕፈት፣ «መኪና»።

ፍል ውኃው። ስንጥቁ። ማልዶ የወጣው መኪና!... ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ።

ምን ሆኜ ነው? ሰነፍኩ? አይደለም። አንድም ቀን ከሥራ ቀርቼ አላውቅም። እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው... መኪና እንዲሆን ፈልጌ ነበር። «መኪና» ብዬ ስጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ማንም አይወጣም፣ ማንም አይሞትም፣ ማንም አይስቅብኝም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እኔ ደግሞ በልጥ ከመበርየት ብዛት እባቡን ልጥ አልኩት።

አፈርኩ። ፈራሁም። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።


ጥር 17

አለቃዬ ዘንድ ደወልኩ፣ ዋናው ቢሮ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፣ ግን ክፉ ሰው አይደለም። የደከመው ነው።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ልበል እኔ?»

«ሰባ ስድስት ዝላይ፣ አምስት ዲግሪ፣ ሁለት ሴንቲ በሉ። በየቀኑ እየጨመረ ነው በሉ።»

የወንበሩ ሲጥሲጥታ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «የመኪናውን ነገር ሪፖርቱ ላይ አያስገቡት። ‹ከትናንት ጀምሮ አዲስ እንቅስቃሴ ታይቷል› ይበሉ። ጡረታዎ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። እርስዎም ይድናሉ፣ እኔም።»

አሰብኩበት። ዋሽቼ ጻድቅ አልምሰል፣ ግማሽ ሰዓት አሰብኩበት። ወረቀት አወጣሁ፣ «ከትናንት ጀምሮ» ብዬ ጻፍኩ። ቆንጆ ዐረፍተ ነገር ነው። ግን ከትናንት ጀምሮ ከተባለ ገና መጀመሪያው ነው፤ ሰው ጊዜ አለኝ ይላል፣ ሰብሉን ልሰብስብ ይላል። ሳምንት ሙሉ ሲገፋ የቆየ ከሆነ ግን ጊዜ የለም። ያቺ ሳምንት የት እንደገባች ሳልናገር ሰውን እንዴት ላጣድፍ?

ቀደድኩት። ሌላ ጻፍኩ። «ከጥር 9 ጀምሮ። በእኔ ስህተት መኪና ተብሎ የተመዘገበ።» ፈረምኩ።


ጥር 18

ሪፖርቱ ደርሷቸው ከንቲባው ሕዝቡን ጠሩ፤ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከንቲባው መድረኩን ሲሰጡኝ ከኋላ አንዱ አሳለ፣ «ጭሱ ገባ» አለ። ሳቅ። ጠበቅኩ።

ማይክራፎኑን አልያዝኩም። ስለ ማር አላወራሁም፣ ስለ ንጣፍ አላወራሁም። ወረቀቴን አነበብኩ። «በእኔ ስህተት» የሚለው ላይ ስደርስ ሳቁ ጠፋ። ከዚያ የመጣው ከሳቅ ይከፋል።

«ስምንት ቀን አታለልሽን?»

«ያኔ ዋሸሽ፣ አሁን ደበቅሽ!»

ባለዳቦ ቤቷ ግን ተነሳች። እሷ ናት፣ ሌላ ማንም አይደለም። «ቆይ እስቲ። ይህች ሴት ራሷን ለማሰደብ ነው እዚህ የመጣችው? ምን አግኝታ? እኔ ልብሴን እሰበስባለሁ» አለች። ወጣች። አንድ ሁለት ሰው ተከተላት። ከዚያ ወንበሩ ሁሉ ተንኳኳ።

ከንቲባው «የፈለገ ይውጣ፣ ያልፈለገ አይገደድም» ብለው ዘጉት። ከዚህ በላይ አይጠበቅም።

ጋሼ አልመጣም።


ጥር 19

ላይኛው መንደር። መንገዱን ሁሉ የምለውን ስለማመድ ሄድኩ። ናዳው በስንት ደቂቃ ቤቱ እንደሚደርስ፣ አመድ ሳንባን ምን እንደሚያደርግ፣ ሁሉን።

ከቀፎዎቹ መሐል ተቀምጧል። አልተነሳም።

«መጣሽ? ማጉያሽስ?»

«የለም።»

«እኔ አልሄድም። ያኔ ሄጄ የሆንኩትን ታውቂያለሽ።» በአገጩ ወደ መቃብሩ አሳየኝ። «እሷን ትቼ የትም አልሄድም።»

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። ከቦርሳዬ ወረቀቶቹን አውጥቼ ጉልበቱ ላይ አኖርኩለት።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«መኪና ብዬ የጻፍኩት። መኪና አልነበረም።»

መነጽሩን አደረገ፣ አንዱ የጆሮ ማንጠልጠያው በክር የታሰረ። በጣቱ እየተከተለ አንድ በአንድ አነበበ። መኪና። መኪና። መኪና። አልቸኮለም። ወረቀቱን ሲገለብጥ እጁ እንደ አባታችን እጅ ሆኗል፤ መቼ እንዲህ አረጀ?

«ማን አጋለጠሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

«ዝም ብትይስ?»

«ዝም ብል አንተ እዚህ ትቀመጣለህ።» ከዚያ ልለው ያላሰብኩት ወጣ። «እርግጠኛ አይደለሁም ጋሼ። እንደዚያኛው ግማሽ መንገድ ላይ ሊቆም ይችላል። ካልቆመ ይህ ቤት የለም። ያኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። እርግጠኛ ነኝ ካላልኩ አይወጡም ብዬ ፈርቼ ነው ያልኩት። እትዬን የገደልኳት እኔ ነኝ እያልኩ ነው አራት ዓመት የኖርኩት...»

አለቀስኩ። እንደ ሕፃን፣ በንፍጥ። ንቦቹ በጆሮዬ ሥር ያልፋሉ፣ አንዷም አልነካችኝም።

ተነስቶ ወደ ጓሮ ሄደ። ተቆጥቶ ነው ብዬ ልሄድ ስል በጣሳ ውኃ ይዞ መጣ።

«አሁን ከጉድጓዱ የቀዳሁት ነው። ንኪው።»

ነካሁት። ትኩስ ነው።

«ሁለት ሳምንት ሆነው። ፀሐይ ነው አልኩሽ። ፀሐይ አልነበረም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለአንቺ?» ጣሳውን መሬት ላይ ደፋው። «ሆድ ይፍጀው ብዬ ነዋ።»

አባታችን ቢያየን «ሁለት ዕውር መንገድ ሲመራራ» ይል ነበር።

«ቀፎዎቼን ሳልይዝ አልሄድም» አለ።


ጥር 20

ጥሩምባ ጓደኞቹን ሰበሰበ። አሥራ አራቱም ገልባጭ ካባውን ትቶ ላይኛው መንደር ወጣ። ማን ፈቀደላችሁ ብላቸው፣ «ቁልፉ እኛ ኪስ ነው ማዘር፤ ሣር ከሚበቅልበት ሰው ይብቀልበት» አለኝ። ፍራሽ፣ ድስት፣ ዶሮ፣ አሮጊት፣ የበር መዝጊያ ሳይቀር። ሌባ እንዳይሰብረው ነቅለው ጫኑት። ከባለፈው የተማሩት ይኼን ነው።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤትና እናቱ እንቢ አሉ። ሁለቴ ሄድኩ። «እመት ጭስ፣ እኔን ለቀቅ» አለኝ በደህና ቃል። ሦስተኛ አልሄድኩም፣ ጉልበቴ አልቻለም። መሄድ ነበረብኝ?

የጋሼ ቀፎዎች አፋቸው በጨርቅ ታስሮ ፀሐይ ስትጠልቅ ወረዱ። እሱ ከኋላ፣ ከቀፎዎቹ ጋር ተቀምጦ። ከመውጣቱ በፊት መቃብሩን ጠረገው። አላየሁትም፤ ዞር አልኩለት።

ዛሬ መርፌው አላረፈም። የትኛው መኪና፣ የትኛው ተራራ? ምንም አልጻፍኩም።


ጥር 22

አራት ሰዓት ከሩብ። መጀመሪያ ድምፅ የለም። ጆሮዬ ድፍን አለ፣ ከዚያ መስኮቱ ወደ ውስጥ ገባ።

ደመናው እንደ አበባ ጎመን እየተጠቀለለ ወጣ። ወፍራሙ ማር። ሲወርድ አየሁት፣ ግራጫ፣ ድምፅ የሌለው የሚመስል... ላይኛውን መንደር በምን ያህል ጊዜ ሸፈነው? ሰዓት ይዤ ነበር። ሳላየው ቀረሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ ጨለማ ነው። በቀን፣ ፊቴ ያለውን እጄን አላየውም። ጠጠር ጣራውን ይቆላል። በእጅ ባትሪ ነው ይህን የምጽፈው፣ እርጥብ ሻርፕ አፌ ላይ አስሬ።

ጋሼ ታች ነው። ታች ነው። ታች ነው።


ጥር 25

ሰው ሁሉ አንድ መልክ ሆኗል፣ ዱቄት የተነፋበት። አመድ ቀላል ነው ሲባል የሰማ ዕርጥቡን አልተሸከመም፤ ትናንት ሲያካፋ ሰባት ጣራ ተደረመሰ፣ የትምህርት ቤቱ ጭምር። ልጆቹ አልነበሩበትም። ወንዙ ጭቃ ሆኖ መጣ፣ ድልድዩን ይዞ ሄደ። ውኃ የለም። ከብቱ በአመድ የተሸፈነ ሣር ይበላል፣ ከዚያ ይተኛል። ሁሉም ሰው ያስላል፤ ሌሊትና ቀን የማይለየው የከተማው ድምፅ ሳል ሆኗል።

ላይኛው መንደር የለም። ጣራ አይታይም፣ መቃብር አይታይም። አሁንም ይጨሳል።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤትና እናቱ። ሁለት ሰው። ሌላው ሁሉ ተርፏል። «ሁለት ብቻ» ይላል ሰው፣ እጄን ይዞ ያመሰግነኛል። ባለዳቦ ቤቷ ሳመችኝ። እኔ ግን እቆጥራለሁ። ስምንት ቀን ቀድሜ ብናገር፣ ስምንት ጊዜ ሄጄ ብለምነው... ሦስተኛ እንኳ አልሄድኩም።


የካቲት 3

አጣሪዎች መጡ፣ አለቃዬም አብሮ። ወረቀቶቹን በፕላስቲክ ከተው ወሰዱ። «መኪና» የሚለውን እየቆጠሩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠኛል አሉ፣ ጡረታዬ አይነካም። አለቃዬ በሩ ላይ ቆም ብሎ «‹ከትናንት ጀምሮ› ቢሉ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር» አለኝ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። «ደግ አደረጉ» አለና መኪናው ውስጥ ገባ።

ጋሼ እኔ ዘንድ ነው፣ ሳሎን ውስጥ። ከአሥራ ዘጠኙ ቀፎ ሦስቱ ቀሩ። አበባ የለም፣ የቀሩትን ስኳር በውኃ ይሰጣቸዋል። ብዙ አናወራም። ግን ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ ደረጃው ላይ ያደረውን አመድ ይጠርግልኛል፣ እንዳያንሸራትተኝ።


የካቲት 12

መኪኖቹ ሥራ ጀመሩ፣ አመድ ማመላለስ። በግንቡ ጀርባ፣ ሲመላለሱ ይውላሉ። ሃምሳ ሁለት ዝላይ። እርሳሱን ይዤ ተቀመጥኩ፣ አንዱም ላይ መጻፍ አቃተኝ።

ማታ ለጋሼ ነገርኩት። «ሥራዬን ፈራሁት» አልኩት።


የካቲት 13

ጠዋት ጋሼ ዱካውን፣ ያቺን አጭር በርጩማ፣ ይዞ ተከተለኝ። ከግንቡ ጀርባ መንገድ ዳር ተቀመጠ፣ ሻርፕ አፉ ላይ፣ ደብተር ጉልበቱ ላይ።

«ምን ልትሠራ ነው?»

«ንቦቼ ሥራ የላቸው። መኪና ልቁጠር።»

ጥሩምባ ሲያልፍ ክላክስ ነፋለት። ጋሼ ደብተሩን ከፍ አድርጎ አሳየው።


የካቲት 21

ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደብተሩን ያስረክበኛል፣ እኔ ከከበሮው ወረቀት ጋር አስተያያለሁ። ጽሕፈቱ የተንጋደደ ነው፣ ሰዓቱ ግን ልክ። ላይኛው መሣሪያ በሂደት ላይ ነው ተብሏል።

ዛሬ እንዲህ ይላል፦

«2፡20 መኪና። 3፡05 ሁለት መኪና፣ ኋለኛው ባዶ። 3፡50 መኪና። 4፡40 መኪና የለም። ዱካዬ ተነቃነቀ።»

ወረቀቱ ላይ 4፡40ን ፈለግኩ። አለ። አጭር ዝላይ፣ ከሌሎቹ የማይለይ። ብቻዬን ብሆን ምን ብዬ እንደምጽፍበት አውቃለሁ።

«ተራራው» ብዬ ጻፍኩ። ለዋናው ቢሮ ደውዬ ነገርኩ። ከዚያ ወረቀቱን ለጋሼ አሳየሁት። በክር የታሰረ መነጽሩን አደረገ፣ በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

በአራት ዓመት ውስጥ ያቺን ቃል በጥያቄ ሲናገራት የመጀመሪያው ነው።

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ነገም እቀመጣለሁ» አለና ዱካውን አነሳ።